ገቢ ባይኖርም ታክስ ማሠራት

ካልጋሪ ላይ ኑሮ መወደዱን የቤት ኪራዩና የጤፉ ዋጋ ይነግረናል። ስለ ቁጠባ ስናወራ ግን ብዙ ጊዜ የምናስበው የምንቀንሰውን ወጪ ብቻ ነው። እኔ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች መጀመሪያ የምነግራቸው ሌላ ነገር ነው፦ ሥራ ባይኖራችሁም በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 30 ታክስ አሠሩ።

መንግሥት ገቢያችንን የሚያውቀው በዚህ ፎርም ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው በየ3 ወሩ የሚመጣው የጂኤስቲ ክሬዲትም ሆነ በየወሩ የሚከፈለው የልጆች ድጎማ የሚሰላው ከእሱ ነው። ለልጆቹ ድጎማ ባልና ሚስት ሁለቱም ማስገባት አለባቸው፤ እቤት የምትውለው እናት «ገቢ የለኝም» ብላ ከተወችው ክፍያው ሊቋረጥ ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚላክልን «ኖቲስ ኦፍ አሰስመንት» የተባለው ወረቀትም ይጠቅማል። የካልጋሪ ከተማ «ፌር ኤንትሪ» በሚለው ፕሮግራሙ ገቢን አይቶ የባስና የባቡር ወርኃዊ ፓስ በቅናሽ ይሰጣል። የመዋኛና የስፖርት ቦታዎች ቅናሽም አለው። እኛ ዩፓስ ቢኖረንም በባስ ሥራ ለሚሄዱ ወላጆቻችን ትልቅ እፎይታ ነው።

ለአሠሪ መክፈል የግድ አይደለም። ገቢያቸው አነስተኛ፣ ጉዳያቸውም ቀላል ለሆነ ሰዎች በጎ ፈቃደኞች በነፃ የሚሠሩባቸው ክሊኒኮች በየዓመቱ ማርችና ኤፕሪል ላይ ይከፈታሉ።

ፎርሙ የሚያስቸግራቸው እናት፣ አባት ወይም ጎረቤት ካሏችሁ በዚህ ሳምንት አብራችኋቸው ተቀመጡ።