በረሃ ላይ ውሃ፦ ለመጠጥ ስንት፣ ለውዱእ ስንት?



የሴሚስተር ዕረፍት በተቃረበ ቁጥር ከጀመዓችን ጥቂት ልጆች ተሰባስበው ወደ አፋር ለመውረድ ያቅዳሉ፤ አፍዴራ፣ ኤርታሌ፣ ዳሎል። ስለ መኪና ኪራይና ስለ ፎቶ ብዙ ይወራል። ውሃው ግን «ሁለት ሁለት ሃይላንድ እንይዛለን» ተብሎ ይታለፋል። ልደታ ላይ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሚውል ሰው ሁለት ሃይላንድ ይበቃው ይሆናል። ዳሎል ግን ከባሕር ወለል በታች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መረጃ መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። አማካይ ሲባል ሌሊቱም፣ «ቀዝቃዛ» የሚባሉት ወራትም ተደምረው ነው።

እንዲህ ባለ ሙቀት የሚራመድ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ላብ ያወጣል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ወዲያው ይተናል፤ ልብሳችሁ ስላልረጠበ ያላባችሁ አይመስላችሁም። ጥማትም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የ60 ኪሎ ሰው 1.2 ሊትር ብቻ ሲጎድለው፣ ማለትም ከክብደቱ ሁለት በመቶ ሲያጣ፣ ጉልበቱና ማስተዋሉ መቀነስ ይጀምራል። ጥሩ መለኪያችሁ ሽንት ነው፤ ቀለሙ ከጠቆረ ወይም ግማሽ ቀን ሙሉ ካልመጣ ዘግይታችኋል።

ስለዚህ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከ6 እስከ 8 ሊትር ለመጠጥ ብቻ ያዙ። ስምንት ልጆች ለሦስት ቀን ቢሄዱ በ7 ሊትር ሒሳብ 168 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስምንት ሞልቶ ዘጠነኛውን ይጀምራል። ጀሪካኑ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ይዞ የሚያውቅ ከሆነ ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ አይሆንም። ሁሉንም በአንድ ዕቃ አትያዙ፤ ጀሪካን ይቀደዳል። ውሃ ቆጥቦ ለማታ ማቆየት ብልህነት የሚመስላቸውም አሉ። በሃይላንድ ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ግን የደከመን ሰው አያቆምም። የሚቆጠበው ላቡ ነው፦ ከፈጅር በኋላና ከዐስር ወዲህ ተጓዙ፣ ዙሁር አካባቢ ጥላ ውስጥ ዕረፉ፣ ሰፊና ሰውነት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። የአፋር ሰው በቀትር ጥላ የሚፈልገው ሰንፎ አይደለም።

ባዶ ውሃ ብቻ በላይ በላይ መጠጣትም የራሱ አደጋ አለው። ከላብ ጋር ጨው ይወጣል፤ ያልተተካ ጨው በብዙ ውሃ ሲቀጥን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም መደንዘዝና መንቀጥቀጥ ያመጣል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ከፋርማሲ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ አር ኤስ) ግዙ። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። በሶ ላይ ጨው ነስነስ አድርጎ መጠጣትም መልካም ስንቅ ነው፤ ለእኔ ከለስላሳ መጠጥ ሁሉ ይሻላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ያልገባው ውሃ እንምጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ሙድ በዛሬ መለኪያ ከ600 እስከ 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ቆጥበን እንኳ በቀን ለአምስት ወቅት ሦስት ሊትር ይፈጃል። ለስምንት ልጆች በሦስት ቀን 72 ሊትር ይሆናል፤ ከሦስት ጀሪካን በላይ። ቧንቧ ከፍቶ ውዱእ ማድረግ የለመደ የግቢ ልጅ ደግሞ በሙድ አይወሰንም።

በዚህ ጉዳይ የፊቅህ ሊቃውንት ቃል አንድ ነው፦ ያለውን ውሃ ለራሱ፣ ለጓደኛው ወይም ለእንስሳው መጠጥ የሚፈልግና ጥማት የሚያሰጋው ተጓዥ ውሃውን ይዞ ተየሙም ያደርጋል። የተየሙም ፈቃድ በሱረቱ ኒሳእና በሱረቱል ማኢዳ ተደንግጓል። «እኔ እችላለሁ» ብሎ የጀመዓውን ጀሪካን የሚያፈስ ወንድም ኢማኑ ጠንክሮ ሳይሆን ድንጋጌውን ስላላወቀ ነው። በጨው ሜዳ ላይ የምታድሩ ከሆነ ንጹሕ አፈር በትንሽ ከረጢት ያዙ፤ አቧራ ያለው አፈር ግዴታ ነው ከሚሉት መዝሀቦች ጋር ከመከራከር ያድናል። ጾምም እንዲሁ ነው፤ በሱረቱል በቀራ ለሙሳፊር የተሰጠው ፈቃድ እያለ የሰኞና የሐሙስ ሱና ጾም ይዞ ኤርታሌ መውጣት አያስፈልግም።

ለመጠጥ የማይሆን ውሃ ለውዱእ ሊሆን ይችላል። የአፍዴራ ሐይቅ ጨዋማ ነው፤ ብትጠጡት ጥማቱን ያብሳል። የባሕር ውሃ ጠሃራ መሆኑ ግን የታወቀ ነው፤ ሐይቁ አጠገብ ስትሆኑ የመጠጥ ውሃችሁን መንካት የለባችሁም። የዳሎልን ቢጫና አረንጓዴ ኩሬ ግን በጣት እንኳ አትንኩ፤ ኃይለኛ አሲድ ነው።

ሞቃት የረጋ ጨው አልባ ውሃ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኔግሌሪያ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ በእንዲህ ያለ ውሃ ይኖራል። ሲጠጡት አይጎዳም፤ በአፍንጫ ሽቅብ ሲሳብ ግን ወደ አንጎል ይደርሳል፤ የሚድን ሰው እጅግ ጥቂት ነው። በፓኪስታን ካራቺ ከተማ ሰዎች በውዱእ ጊዜ ባልታከመ ውሃ አፍንጫቸውን በማጠባቸው ሞተዋል። ስለዚህ ለአፍንጫ የፈላ ውሃ ቀዝቅዞ ይዋል። አፍንጫን ማጠብ በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ የውዱእ ሱና እንጂ ፈርድ አይደለም፤ የሌላ መዝሀብ ተከታዮች ከመነሳታችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ።

የያዛችሁት አልቆ ከመንገድ ውሃ ለመጠጣት ብትገደዱስ? የአዋሽ ወንዝ ያጓጓል። ግን ከአዲስ አበባ የሚወርዱት የአቃቂ ወንዞች የከተማችንን ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው የሚገቡት እዚያው ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ኬሚካል፣ ጨውና ፍሎራይድ አያወጣም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ያለው ፍሎራይድ ለዓመታት የሚጠጣውን ነዋሪ ጥርስና አጥንት ይጎዳል፤ የሦስት ቀን እንግዳን አያሰጋም። ከብትና ግመል የሚጠጡበት ኩሬ ግን በአንድ ቀን ይጥላል፤ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ኮሌራም ሊኖር ይችላል፤ አልቅትም አለ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ የአፍዴራን መንደሮች ሸፍኖ ነበር፤ አመድ ያረፈበትን ክፍት ውሃም ተዉት።

ከኩሬ መቅዳት ግድ ከሆነ በአራት እጥፍ በታጠፈ ንጹሕ ሻሽ አጥልሉ። ከዚያ ማፍላት ይቀድማል፤ ቆላ ላይ ለአንድ ደቂቃ ከተንተከተከ በቂ ነው። ማገዶ ከሌለ ውሃ አጋር በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ክሎሪን ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ስለማይገድል የእንስሳት ኩሬ ከሆነ ማፍላቱን አትተዉ። ጥርት ያለ ውሃ በንጹሕ ሃይላንድ ሞልቶ ለስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ማጋደምም ይሠራል፤ ፀሐይ እንደሁ አፋር ላይ አይጠፋም።

በመንገድ ላይ አንዱ ጓደኛችሁ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ከተንገዳገደ ወይም ያለ ምክንያት ከተቆጣ፣ ሰውነቱም ከጋለ፣ ይህ ድካም አይደለም፤ የሙቀት ምት ነው። ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ሰውነቱን በውሃ አርሳችሁ አራግቡለት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡ። ለዚህ ጨዋማም ሆነ የደፈረሰ፣ ያገኛችሁት ውሃ ሁሉ ይሆናል። ከኤርታሌ ግርጌ እስከ ዱብቲ ሆስፒታል የብዙ ሰዓት መንገድ ስለሆነ መኪናው እስኪነሳ አትጠብቁ፤ ማቀዝቀዙ እዚያው፣ በዚያው ደቂቃ ይጀመር።