ስለ ነገው ነጐድጓድ አስቀድሞ ስለ ማስታወቅ

ነገ መብረቅ የሚወድቅበትን እርሻ ለይቶ ሊናገር የሚችል ዐዋቂ የለም። የነጐድጓድ ደመና ስፋቱ ጥቂት ኪሎሜትር ስለ ሆነ፥ የአንዱን ሰብል በበረዶ አጥፍቶ ከወንዝ ማዶ ያለውን ሳይነካ ያልፋል። ነገር ግን ደመናው የሚነሣበት አየር በሰፊ አገር ላይ አስቀድሞ ይዘጋጃልና፥ አደጋው በየትኛው ወገን እንደሚበረታ ከአንድ ቀን በፊት ማስታወቅ ይቻላል።

ለዚህ ሥራ ዋና ምሳሌ የሚሆነው የአሜሪካ አገር ነው። በኤውሮጳ አቈጣጠር ማርች 20 ቀን 1948 በኦክላሆማ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ በአንድ የአየር ኀይል ሰፈር ያሉትን አውሮፕላኖች ሰባበረ። ፋውቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት መኰንኖች ይህ በደረሰ በአምስተኛው ቀን አየሩ ከፊተኛው ጋራ መመሳሰሉን አይተው አስጠነቀቁ። አውሮፕላኖቹ ወደ መጠለያ ገቡ፤ ዐውሎ ነፋሱም በዚያው ማታ ሰፈሩን ዳግመኛ መታ፤ ጥፋቱ ግን ከፊተኛው አነሰ።

ዛሬ በዚያው አውራጃ በኖርማን ከተማ ያለው መሥሪያ ቤት ስለ አገሩ ሁሉ በቀን 5 ጊዜ ካርታ ያወጣል። የሚመረምረውም ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣውን እርጥበት፥ የታችኛውን አየር ሙቀትና የላይኛውን ቅዝቃዜ፥ አየሩን ወደ ላይ የሚገፋውን ኀይል፥ ነፋሱም ከፍ ባለ መጠን አካሄዱን እንዴት እንደሚለውጥ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቍጥሩን ሲያነብ ነው። ለዐውሎ ነፋስ ከመቶ 5 ተብሎ ቢጻፍ፥ ካንድ ቦታ 40 ኪሎሜትር ባልራቀ ስፍራ ይደርስ ይሆናል ማለት ነው። በተራ ቀን ይህ ከመቶ አንድ እንኳ ስለማይሞላ፥ 5 ታላቅ ቍጥር ነው። እንዲህ ከተባለባቸው 20 ቀኖች በ19ኙ ምንም ባይደርስ ማስታወቂያው ልክ ነበረ እንጂ ሐሰት አልነበረም። «ብለው ነበር፥ አልመጣም» እያለ የሚንቅ ሹም ግን በ20ኛው ቀን ሕዝቡን ሳያስጠነቅቅ ይቀራል።

ስለዚህ ሹሙ የሚያዝዘውን ነገር ኪሳራ ከቍጥሩ ጋራ ያመዛዝን። እረኞች ከቀትር በኋላ ከሜዳ እንዲመለሱ ማድረግ ብዙ አያስወጣምና በትንሽ ቍጥር ይታዘዝ፤ ገበያ ማስቀረት ግን ከባድ ስለ ሆነ ከፍ ያለ ቍጥር ይጠበቅ።

ደግሞም በዚያ ካርታ አደገኛ የሚባለው በረዶው 2.5 ሳንቲሜትር የሞላ፥ ወይም ነፋሱ በሰዓት 93 ኪሎሜትር የደረሰ፥ ወይም ዐውሎ ነፋስ ያለበት ነው፤ መብረቅ ግን በዚህ ልክ አይቈጠርም። ስለዚህ ተራ ነጐድጓድ ተብሎ በታችኛው ማዕርግ የተጻፈውም እረኛና በሬ ይገድላል። ይህ በክረምት ከሰዓት በኋላ ነጐድጓድ ለሚበዛበት ለኛ ደጋ አገር በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ነጐድጓድ የተሰማ እንደ ሆነ፥ ሰው ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር እንዳይጠለል፥ የመጨረሻውም ድምፅ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ እርሻው እንዳይመለስ በገበያ ቀን ይነገር።