መርዛማውን የጨፌ ቢጫ አበባ ስለ መለየት

የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ በደጋና በወይና ደጋ ያሉ ጨፌዎች፣ የወንዝ ዳርቻዎችና ውኃ የሚያቁሩ መስኮች ቢጫ አበባ ይለብሳሉ። ይህን ሁሉ ቢጫ አደይ ወይም መጭ ነው ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ከመካከሉ ግን ለከብት ጤና አስጊ የሆነ አንድ ተክል ይገኛል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ራነንኩለስ መልቲፊደስ ነው። የአገራችን ነባር ተክል ሲሆን በሌሎች የአፍሪካ አገሮችና በዐረብ ምድርም ይበቅላል። የአካባቢ ስም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ተክሉን በምልክቱ መለየት ይሻላል እንላለን።

ዋናው መለያ አበባው ነው። አንድ አበባ ቀጥፎ መሐሉን ማየት ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቢጫ የአበባ ቅጠሎች ሲኖሩት ቅባት እንደተቀቡ ያብረቀርቃሉ። መሐሉ ላይ አረንጓዴ ጉብታ አለ፤ ጉብታውንም ብዙ ቀጫጭን ቢጫ ክሮች ይከብቡታል። ከአበባው ሥር ያሉት ትንንሽ አረንጓዴ ሽፋኖች ወደ ታች ታጥፈው ይታያሉ። በአደይና በመጭ ግን አንድ አበባ መስሎ የሚታየን የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ መሐሉ በደቃቅ ቢጫ አበቦች የታጨቀ እንጂ አረንጓዴ ጉብታ ያለው አይደለም። ይህን አንድ ልዩነት ያወቀ ሰው አይሳሳትም።

አበባው ከረገፈ በኋላ ጉብታው ጠፍጣፋና ኪንታሮት መሰል ነጠብጣብ ያለባቸው ፍሬዎች የተሰበሰቡበት ድቡልቡል ራስ ይሆናል። ግንዱ ጠጉራም ነው። ከሥሩ የሚወጡት ቅጠሎች ረጅም እግር ያላቸው ሲሆኑ ወደ ብዙ ክፍል የተሰነጣጠቁና ጠርዛቸው ጥርስ ያለው ነው።

ተክሉ እርጥብ ሳለ ሲታኘክ ወይም ሲቀጠቀጥ ፕሮቶአኔሞኒን የተባለ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ይፈጠራል። በብዛት የበላ ከብት ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ያስቀምጠዋል። ተክሉን ቀጥቅጦ ቁስል ላይ ማሰርም ቆዳን ስለሚያቃጥልና ውኃ ስለሚያስቋጥር አንመክርም፤ ተክሉን የነካ ሰውም እጁን ይታጠብ።

በመስኩ ጥቂት እግር ስለታየ ግን መደንገጥ አያሻም። ጣዕሙ የሚያቃጥል በመሆኑ ሣር የጠገበ ከብት ይተወዋል። አደጋው የሚመጣው መስኩ ተግጦ ሲያልቅ፣ ወይም ሣሩ ከነተክሉ ታጭዶ በእርጥቡ ለታሰረ ከብት ሲቀርብ ነው፤ የታሰረ ከብት እንደ ልቡ መርጦ አይበላም። በሚገባ የደረቀ ድርቆሽ ውስጥ መርዙ ጉዳት ወደማያደርስ ነገር ስለሚለወጥ፣ ተክሉ ከበዛበት ቦታ የታጨደውን ሣር አድርቆ መመገብ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ተክሉ ከዓመት ዓመት ከሥሩ ስለሚያቆጠቁጥ በማጭድ መቁረጥ አያጠፋውም። ከብት ዙሪያውን ያለውን ሣር እየጋጠ እርሱን ስለሚተወው በተጎዳ ግጦሽ ላይ እየበዛ ይሄዳል። ጥቂት ከሆነ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ ፍሬ ከመያዙ በፊት፣ ከነሥሩ ቆፍሮ ማውጣት ይቻላል። ብዙ ከሆነ ግን መስኩን ከፋፍሎ በየተራ ማስጋጥና የተጎዳውን ክፍል ሣሩ እስኪያገግም መከለል ይሻላል። ጨፌውን በቦይ ማንጣፈፍ ተክሉን ሊቀንሰው ቢችልም በበጋ ከብት የሚያድነውን ለምለም ሣር አብሮ ስለሚያደርቅ የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባል። ተነቅሎ የወጣውም ተክል ከብት በማይደርስበት ቦታ ተከምሮ ይድረቅ።