የእድሩ መዝገብና 87ቱ ጥያቄ

ከሁለት ወር በፊት አንዲት የሀገር በቀል በጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ደወሉልኝ። ለጋሻቸው አዲሱን ውል ከመፈረሙ በፊት «የዳታ ስትራቴጂያችሁን አሳዩኝ» ብሏቸዋል። «ናሙና ካለህ ላክልኝና ስሙን ለውጠን እናስገባው» አሉኝ፣ ምንም ሳይደብቁ። እንዲህ የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ መልሴን እዚሁ ቻናሉ ላይ ላስቀምጠው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ናሙና አልላክሁም። «ቢሮ ልምጣና የምትሞሉትን ቅጽ ልየው» አልኳቸው።

ድርጅቱ የችግረኛ ቤተሰብ ልጆች ትምህርት እንዳያቋርጡ ይደግፋል። ለልጆቹ ዩኒፎርምና ደብተር፣ ለእናቶች ደግሞ ለሥራ መነሻ የምትሆን ትንሽ ገንዘብ ይሰጣል። አዲስ ቤተሰብ ሲመዘገብ የሚሞላው ቅጽ 87 ጥያቄ አለው። የጣሪያው ዓይነት፣ የግድግዳው ዓይነት፣ የወለሉ ዓይነት፣ ቤተሰቡ ስንት በሬ እንዳለው። ያለነው አዲስ አበባ መሀል ነው። የመጣው ለጋሽ ሁሉ የራሱን ጥያቄ ጨምሮበታል፤ ሲሄድ ግን ጥያቄውን ይዞ የሄደ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት ይህን ቅጽ አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ሠራተኞቹን ሰብስበን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ባለፈው ዓመት ከእነዚህ ጥያቄዎች የአንዱን መልስ አይታችሁ ሥራችሁን የቀየራችሁበት ቀን አለ?» ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ስለ ዓመታዊው ሪፖርት አነሳ፤ ሪፖርቱን ማን እንዳነበበው ስጠይቀው ሳቀ። በመጨረሻ ከጥግ የተቀመጠች ማኅበራዊ ሠራተኛ «ቅጹ ላይ የለም እንጂ እኔ የምይዘው ነገር አለ» ብላ ከቦርሳዋ ባለ 50 ሉክ ደብተር አወጣች። ዓርብ ዓርብ ለየትምህርት ቤቱ ትደውልና የቀሩትን ልጆች ስም ትጽፋለች። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ የቀረ ልጅ ካለ ሰኞ ጠዋት ቤቱ ትሄዳለች። እናቱ ታማ ይሆናል፣ የቤት ኪራይ አቅቷቸው ሰፈር ለውጠው ይሆናል፣ ልጁ ሊስትሮ ጀምሮ ይሆናል። ሥራ አስኪያጇ ያን ደብተር ያዩት የዚያን ዕለት ገና መጀመሪያቸው ነበር። ድርጅቱ ሌላው ሁሉ ቢጠፋበት ሊያተርፈው የሚገባው ዳታ በአንዲት ሠራተኛ ቦርሳ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ እሷ ሥራ ብትለቅ አብሮ ይወጣል።

የእናቴ እድር ትዝ አለኝ። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። መዝገባቸውን አንድ ቀን አገላብጬው አውቃለሁ፤ ሥራ የሌላት አምድ አታገኙበትም። የወር መዋጮው አምድ ማን እንደሚቀጣ ይናገራል። የቤተሰቡ ዝርዝር፣ ሐዘን ሲደርስ ለአባሉ ለራሱ፣ ለባለቤቱ፣ ለወላጁ ስንት ስንት ብር እንደሚወጣ ይወስናል። ከቀብር የቀረ ሰው ምልክት ይደረግበታል። ድንኳኑና ወንበሩ ማን ዘንድ እንዳለ በመጨረሻው ገጽ ላይ ተጽፏል፣ ሌሊት ሰው ቢሞት የማንን በር እንደሚያንኳኩ ለማወቅ። የማንም አባል ጣሪያ ምን እንደሆነ ግን አልተጻፈም። መምህሩ «የዳታ ስትራቴጂ» የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር አይቶ፣ ምን እንደሚያደርግ ግን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

እኔም ስትራቴጂ የምለው ይህንኑ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይበቃዋል። ድርጅቱ በዓመት ውስጥ የሚወስናቸው ዋና ዋና ውሳኔዎች ይጻፋሉ፤ ከየውሳኔው ጎን ማን እንደሚወስን፣ በየትኛው ወር እንደሆነና ምን ማወቅ እንደሚያስፈልገው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቅጹ የሚኬደው። ውሳኔ ያልተገኘለት ጥያቄ ይሰረዛል። ሕግ የሚያስገድደው ወይም በውል የታሰረ ከሆነ ይቆያል፣ ግን ለምን እንደቆየ ከጎኑ ይጻፋል።

ለዚህ ያየሁት ምርጡ ምሳሌ ከኮምፒውተር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጤና ኬላ ውስጥ ለየቤተሰቡ «የቤተሰብ ማህደር» ይይዛሉ። ከማህደሩ ሌላ በወር በወር የተከፋፈለ ሳጥን አለ። ታኅሣሥ ላይ ክትትል ያላት ነፍሰ ጡር ካርዷ ታኅሣሥ በሚለው ክፍል ይቀመጣል። ስትመጣ ካርዱ ወደሚቀጥለው ቀጠሮዋ ወር ይዛወራል። ታኅሣሥ አልቆ ካርዱ እዚያው ከተገኘ ሴትዮዋ አልመጣችም፤ ሠራተኛዋ ቤቷ ትሄዳለች። ዳሽቦርድ የለ፣ ግራፍ የለ። ካርዱ የተቀመጠበት ቦታ ራሱ ቀጣዩን ሥራ ይናገራል። በየጤና ኬላው ሁሉ እንደታሰበው ይሠራበታል አልልም። አሳቡ ግን እጅግ የበሰለ ነው፤ ብዙ ብር የወጣባቸው ሲስተሞች እዚህ አይደርሱም።

ወደ ድርጅቱ ልመለስ። ውሳኔዎቹን በወር ስንደረድር አንድ ጉድ ወጣ። ማን ዩኒፎርም እንደሚያገኝ የሚወሰነው ነሐሴ ላይ ነው፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት። የቤት ለቤት ጥናቱ የሚካሄደው ደግሞ ኅዳር ላይ። ለምን ኅዳር? የለጋሹ በጀት ዓመት በፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ ስለሚዘጋ ሪፖርቱ ለዚያ እንዲደርስ። በዚህ ምክንያት የነሐሴው ኮሚቴ ዘጠኝ ወር ያደረ መረጃ ይዞ ይቀመጣል፣ በመሀል ቤተሰቦች ሰፈር ይለውጣሉ፣ አባት ሥራ ያጣል። ኮሚቴው መረጃውን ትቶ በሚያውቀው ሰው መፍረዱ አይገርምም። የመንግሥት በጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው። አንድ ትንሽ ቢሮ በትምህርት ቤቱ፣ በለጋሹና በመንግሥት፣ በሦስት ዓይነት የዓመት አቆጣጠር ይተራመሳል። ጥናቱን ወደ ሰኔ አዛወርነው። ተጨማሪ ወጪ አልጠየቀም፤ ለጋሹም ቢሆን በሰኔ የተሰበሰበ መረጃ አልቀበልም አላለም።

ስለ ቀን ካነሳን፣ ኤክሴል የእኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብላችሁ ስታስገቡ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። ይህ ደጉ ስህተት ነው፣ ቢያንስ ይታያል። ክፉው የማይታየው ነው። በ2008 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ እንደ ፈረንጅ 2008 ስትነበብ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመርባታል፤ ኤክሴሉ ምንም አይልም፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዋ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ትገኛለች። መፍትሔው ቀላል ነው። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ አምዶች ይገባሉ፣ የአምዱ ስም ላይም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጻፋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ታብሌቱ 8 ሰዓት ሲል ጠያቂዋ 2 ሰዓት ትላለች።

ስም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት። ፀሐይና ጸሃይ፣ ወ/ማርያምና ወልደማርያምም እንደዚያው። በዚያ ላይ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ እናት በአባቷ፣ ልጅ በአባቱ ስለሚጠራ ኮምፒውተር እናትና ልጅን ከስማቸው አያገናኝም። በስልክ ቁጥር እንዳንለያቸው፣ ስልክ ቁጥር ይለወጣል፣ የጎረቤትም ሊሆን ይችላል። የብሔራዊ መታወቂያውን የፋይዳን ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ግዴታ እናድርገው ያሉም ነበሩ። እኔ አልደገፍኩም። ገና ያልተመዘገበችው እናት ይበልጥ ድጋፍ የምትፈልገዋ ልትሆን ትችላለች፣ ቁጥሩን መያዝም ራሱ ኃላፊነት ያመጣል። ለየቤተሰቡ የራሳችንን ቁጥር ሰጠን፣ በካርድ ጽፈን እጃቸው ላይ አስቀመጥን።

«የትኛውን ሶፍትዌር እንጠቀም?» የሚለው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማነሳው። ከወረቀት መላቀቅ ከፈለጋችሁ ኮቦ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ይበቃችኋል። ከሃርቫርድ የሰብዓዊ ጉዳዮች ተቋም የወጣ ነው፣ ኢንተርኔት በሌለበት በስልክ ትሞሉበታላችሁ፣ ሲገኝ ይልከዋል። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የመረጃ ሲስተም ለሦስት መቶ ቤተሰብ ከመጠን በላይ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ስኳር አይሱዙ እንደመከራየት።

አንድ ነገር ግን እንዲህ በቀልድ አላልፈውም። ድርጅቱ የቴሌግራም ግሩፕ ነበረው፤ የልጆች ስም፣ ፎቶ፣ የእናት የጤና ሁኔታ ሳይቀር እዚያ ይላላኩ ነበር። ከለቀቁ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሠራተኞች ያኔም ግሩፑ ውስጥ ነበሩ። በክፋት አልነበረም፣ ሥራ ለማቅለል ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን ወጥቷል፤ የጤናና የሕፃናት መረጃ ከሌላው ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። አዋጁ ባይኖርስ? አንዲት እናት ኤችአይቪ በደሟ መኖሩን የነገረችው ለአንዲት ማኅበራዊ ሠራተኛ ነው፣ ግሩፑ ውስጥ ላለ 14 ሰው አይደለም። ግሩፑን የዚያኑ ቀን ዘጋነው። ቅጹ ላይም የማንጠቀምበትን የጤና ጥያቄ ሰረዝን። የሌለ መረጃ አይሾልክም።

ሌላው፣ የራሳችሁ ቅጂ ይኑራችሁ። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ለጊዜው ለማቆም ስትወስን ብዙ ፕሮጀክት በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆመ። የማውቀው አንድ ድርጅት የዓመታት የተጠቃሚ ዝርዝሩ በሙሉ በዋናው ተቋራጭ ሲስተም ላይ ነበር። አካውንቱ ሲዘጋ የቀረላቸው አንዲት ጸሐፊ ለራሷ አትማ ያስቀመጠችው ወረቀት ነው።

ገንዘቡስ? በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለተደነገገ ሥራ አስኪያጆች ለዳታ ሰው መቅጠርን ይፈራሉ። ለዚህ ድርጅት ያልኩት፣ የክትትሉን ሥራ መጀመሪያውኑ በፕሮጀክቱ ዝርዝር ሥራና በጀት ውስጥ ጻፉት ነው። ዓርብ ዓርብ የሚደወለው ስልክ፣ ሰኞ ቤት ለቤት የሚሄድበት ትራንስፖርት የፕሮጀክቱ ዋና ሥራ ነው። አዲስ ሰው አልተቀጠረም፤ የዚያችው ባለደብተር ሠራተኛ የሥራ መዘርዝር ተስተካክሎ በሳምንት አንድ ቀን ለዚህ ተሰጣት። ደብተሩም አሁን የቢሮ ደብተር ሆኗል፣ ሰኞ ጠዋት ስብሰባው በእሱ ነው የሚከፈተው።

ባለፈው ሐሙስ ሥራ አስኪያጇ መልሰው ደወሉ። ቅጹ 19 ጥያቄ ሆኗል፣ ስትራቴጂውም ሦስት ገጽ ተኩል። ለጋሹ ዘንድ ያለው ባለሙያ አንብቦት የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጣሪያው ዓይነት ለምን ወጣ? እሳቸውም «ለምን ትፈልጉታላችሁ?» አሉት። ጠይቄ ልመለስ ብሎ ሄደ፤ በማግስቱ «እኛም ጋ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ይውጣ» ብሎ ጻፈላቸው።