የሕዋስ ክፍፍል ምዕራፎችና የሆርሞን ተቀባይ ሥራ

የጡት ካንሰር የሆርሞን ሕክምና መነሻው አንድ ምርመራ ነው፤ ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ላይ የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ተቀባዮች መኖር አለመኖራቸው ይታያል። ይሁን እንጂ ተቀባዩ መኖሩ ብቻ በሥራ ላይ መሆኑን አያረጋግጥም። ሥራው ሕዋሱ በሚገኝበት የክፍፍል ምዕራፍ መሠረት ይለዋወጣል።

ለመከፋፈል የተዘጋጀ ሕዋስ በአራት ምዕራፎች ያልፋል፤ በጂ-1 ያድጋል፣ በኤስ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ያባዛል፣ በጂ-2 ይሰናዳል፣ በኤም ለሁለት ይከፈላል። ሽግግሩን የሚመሩት ሳይክሊን የተባሉ ፕሮቲኖችና ከእነርሱ ጋር ተጣምረው የሚሠሩት ሲ.ዲ.ኬ. የተባሉ ኤንዛይሞች ናቸው። በእነዚህ ተቆጣጣሪዎች ግኝት ሃርትዌል፣ ኸንትና ነርስ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

እነዚሁ ኤንዛይሞች በሆርሞን ተቀባዮች ላይም ፎስፌት በመጨመር ኃይላቸውን ሊለውጡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ በጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ የተካሄደ ጥናት የፕሮጄስትሮን ተቀባይ ሥራ ከፍተኛ የሚሆነው በኤስ ምዕራፍ መሆኑን አሳይቷል። በጂ-1 ተቀባዩ በጂኑ ላይ የሚያርፈው በኤስ ምዕራፍ በሚያርፍበት መጠን ነው፤ ነገር ግን አጋዥ ፕሮቲኖች በበቂ ስለማይሰበሰቡ ሥራው ይዳከማል።

የኢስትሮጅን ተቀባይና የሕዋሱ ዑደት ደግሞ አንዱ ሌላውን ያነሣሣል። ኢስትሮጅን በተቀባዩ አማካይነት ሳይክሊን ዲ-1 እንዲበዛ ያደርጋል፤ ይህም ሲ.ዲ.ኬ.-4ንና ሲ.ዲ.ኬ.-6ን አነቃቅቶ ሕዋሱን ከጂ-1 ወደ ኤስ ያሻግራል። በአንጻሩ ሳይክሊን ዲ-1 ራሱ ከተቀባዩ ጋር ተያይዞ፣ ሆርሞኑ ባይኖርም እንኳ፣ ሊያነቃው እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1997 በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል።

ስለሆነም ታሞክሲፌን እየተሰጠ ዕጢው ቢያድግ፣ ታካሚዋ መድኃኒቱን በአግባቡ መውሰዷን መጠየቅ ተገቢ ቢሆንም፣ ምርመራው ተሳስቷል ወይም ታካሚዋ ቸል ብላለች ብሎ መቸኮል አይገባም። የሆርሞኑ መንገድ ቢዘጋም የክፍፍሉ ሞተር ዕጢውን ሊያሳድገው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ከሌትሮዞል ጋር እንዲሰጥ የተፈቀደው ፓልቦሲክሊብ የተመሠረተው በዚሁ ግንዛቤ ላይ ነው፤ ሲ.ዲ.ኬ.-4ንና ሲ.ዲ.ኬ.-6ን በመግታት ሕዋሱን በጂ-1 ያቆመዋል። ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ ግን የደም ቆጠራ ክትትልን ይጠይቃል።

ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ሲያነብ ሁለት ጥያቄዎችን አብሮ ሊያነሣ ይገባል፤ ተቀባዩ አለን? ሕዋሳቱስ ምን ያህል በክፍፍል ላይ ናቸው? ኬ.አይ.-67 የተባለው ምርመራ በሚገኝበት ቦታ ለሁለተኛው ጥያቄ ፍንጭ ይሰጣል።