ባሕር የተፋቸውን የቀበሩት ቄስ

በደጃችሁ ስሙንም አገሩንም የማታውቁት ሰው ሞቶ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ሟቾቹ ብዙ ቢሆኑስ? ደግሞም በየክረምቱ ቢመላለሱባችሁስ?

ሞርዌንስቶው በእንግሊዝ አገር፣ በኮርንዎል አውራጃ ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኝ ትንሽ የገጠር አጥቢያ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ብዙም አትርቅም፤ በአቅራቢያዋ ያለው ገደል ከ130 ሜትር በላይ ይሆናል። መርከብ በሸራ በሚሄድበት ዘመን፣ የምዕራብ ነፋስ ወደዚህ የገፋው መርከብ መሸሻ አልነበረውም። ከታች ዓለት ነው።

ቀድሞ በኮርንዎል ባሕር የተፋው አስከሬን ብዙ ጊዜ እዚያው ዳርቻው ላይ ያለ ጸሎት ይቀበር ነበር። በ1807 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንሰን የተባለ የጦር መርከብ ተሰብሮ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፣ በ1808 የወጣ ሕግ እንዲህ ያሉት ሙታን በቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዲቀበሩ አዘዘ። ሕግ ግን ገደል ወርዶ አስከሬን አይሸከምም።

በ1830ዎቹ አጋማሽ ወደ አጥቢያዋ የመጡት ቄስ ሮበርት ሆከር ግን ወረዱ። መርከብ በተሰበረ ቁጥር ከምእመናኑ ጋር ዳርቻውን እየፈለጉ፣ ያገኙትን ሁሉ ወደ ላይ አስወጥተው በጸሎት ቀበሩ። ሥራው ከባድ ነበር፤ ማዕበልና ዓለት አካሉን ሙሉ አይተዉትም። ተሸካሚዎቹ እንዲበረቱ አረቄ ያጠጧቸው እንደነበር ይነገራል። በዚህ ብዙዎቻችን አንስማማም፤ ነገር ግን እኛ ያንን ገደል አልወጣንም።

በመስከረም 1842 ካሌዶኒያ የተባለች የስኮትላንድ መርከብ እዚሁ ተሰበረች። ከጀርሲ ደሴት የመጣ አንድ መርከበኛ ብቻ ተረፈ። ሌሎቹ በግቢው ተቀበሩ፤ ከመርከቧ አፍንጫ ላይ የነበረው ነጭ የሴት ምስልም፣ ሰይፍና ጋሻ እንደያዘ፣ በመቃብራቸው ላይ ቆመ። ዛሬ ዋናው ምስል ከዝናብ ተጠብቆ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይገኛል፤ በውጭ የቆመው ቅጂው ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በጥቅምት 1843፣ እኚሁ ቄስ ምእመናናቸውን ለመከር ምስጋና ጠሩ። ዛሬ በብዙ የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት የሚከበረው የመከር ምስጋና በዓል ከዚያ ቀን ጋር ተያይዞ ይነሳል። ከአንድ ግቢ የመከር ምስጋናም የእንግዶች ቀብርም ወጣ።

ሆከር በ1875 ሊሞቱ ሲሉ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኑ፤ ይህ ብዙ አነጋግሯል።

በግቢው ሠላሳ ወይም ከዚያ በላይ መርከበኞች አብረው ያረፉበት ቦታ አለ። ምልክቱ አንድ የድንጋይ መስቀል ነው። የሰው ስም አልተጻፈበትም። የተቀረጸውን ቃል ለማወቅ 2ኛ ቆሮንቶስ 6፥9ን ግለጡ።