ቡናማው ቀለም የት አረፈ?

ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች የአዴት ሴት ሪፈር ተጽፎላት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ትደርሳለች። ከእብጠቱ የሚወሰደው ናሙና ካንሰር መሆን አለመሆኑን ከማሳወቅ አልፎ የትኛው መድኃኒት እንደሚጠቅማት ሊጠቁም ይችላል። ለዚህ ግን ፕሮቲኖች በሕዋሱ ውስጥ የት እንዳሉ መታየት አለበት።

ሕዋስ ዙሪያውን የሚከበው ሽፋን፣ ውስጡን የሚሞላው ሳይቶፕላዝም እና ዘረመሉ የሚገኝበት ኒውክሊየስ አለው። የኢስትሮጅን ተቀባይ የሚባለው ፕሮቲን ዋና የሥራ ቦታው ኒውክሊየሱ ነው፤ ሆርሞኑን ሲያገኝ ሕዋሱ እንዲባዛ የሚያዙ ዘረመሎችን ያነሣሣል።

በላቦራቶሪ ናሙናው በፎርማሊን ይቆይና በሰም ውስጥ ይቀበራል፤ ከዚያም በጣም ስስ ሆኖ ይቆረጣል። ተቀባዩን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሲጨመርበት ፕሮቲኑ ያለበት ቦታ ቡናማ ይሆናል፤ የቀሩት ኒውክሊየሶች ሰማያዊ ቀለም ይይዛሉ። ፓቶሎጂስቱ የሚቆጥረው ኒውክሊየስ ላይ ያረፈውን ቡናማ ብቻ ነው። ከ100 የካንሰር ሕዋሳት ኒውክሊየስ አንዱ እንኳ ቢቀልም ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ይባላል፤ እንደ ታሞክሲፈን ያለ የሆርሞን መድኃኒትም ይታሰባል። ኸር-2 ለተባለው ፕሮቲን ግን የሚፈለገው ሽፋኑን ዙሪያውን የከበበ ቡናማ ቀለበት ነው፤ ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት የሚይዘው ከሽፋኑ ወደ ውጭ የወጣውን ክፍል ነውና።

አንዳንድ ፕሮቲን ሳይጠፋ ቦታውን በመልቀቁ ብቻ በሽታው ይከፋል። ፒ-27 የሕዋስን መባዛት የሚገታው ኒውክሊየስ ውስጥ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ኤኬቲ የተባለው ኢንዛይም በአንዳንድ የጡት ካንሰሮች ውስጥ ፎስፌት ይለጥፍበትና ሳይቶፕላዝም ውስጥ ያስቀረዋል። የበቆሎ ማሳ ጠባቂ መንደር ውስጥ ቢውል ዝንጀሮውን ማን ያባርረዋል? ፒ-27ም እንደዚያው ነው፤ ሕዋሱ ያለ ከልካይ ይባዛል። ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዘው ኢ-ካድሄሪንም ከሽፋኑ ሲጠፋ የካንሰር ሕዋሳት ተለያይተው በተናጠል መሰራጨት ይቀላቸዋል።

የኢስትሮጅን ተቀባዩን መመርመር ለእኛ አገር ሴቶች ትልቅ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 352 ሴቶችን ያካተተ ጥናት፣ ከሦስቱ የሁለቱ ያህል ካንሰር የኢስትሮጅን ተቀባይ እንዳለው አሳይቷል። ታሞክሲፈን ደግሞ በአፍ የሚወሰድ ኪኒን ነው፤ ከከተማ ርቃ የምትኖር ገበሬም ቤቷ ሆና ልትወስደው ትችላለች።

ነገር ግን ናሙናው ፎርማሊን ሳይገባ ከቆየ ፕሮቲኑ ይበላሻል፤ ኒውክሊየሱም ባዶ መስሎ ይታያል። ሕመምተኛዋም የሚጠቅማትን መድኃኒት ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ ናሙናው በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ በመጠን የናሙናውን አሥር እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቢበዛ 72 ሰዓት መቆየት አለበት። ቀዶ ሐኪሙ፣ ነርሷና ናሙናውን የሚያጓጉዘው ሰው ሁሉ የሕክምናው አካል ናቸው። ቤተሰብም ውጤቱን ሲቀበል «ካንሰር ነው ወይ?» ብሎ መቆም የለበትም፤ «የኢስትሮጅን ተቀባዩና ኸር-2 ታይተዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።